አትሳሳለት፣ አሳሳው

አንድ ሸማኔ ነበረ። ስሙ ጌጡ ይባላል። እሱ የሠራውን ጋቢ ፀሐይ ላይ ቢዘረጉት ብርሃን አያሳልፍም ነበር። ሥራው ሳሳ ብሎ ከተገኘማ አለቀለት፣ ሰው ፊት አይቆምም። ታዲያ ዘመን ተለወጠና የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ሞላው። የጌጡን ጋቢ ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ።

ሚስቱ ትርንጎ ከአባቷ የደረሳት ቁራጭ መሬት ነበራት። ባልና ሚስቱ መከሩ፣ ጸለዩ፣ በመጨረሻም የሽመና ዕቃቸውን ሸጠው አንድ በሬና የበቆሎ ዘር ገዙ። መቼም ሰው ዝም አይልም፤ መወርወሪያ የለመደ እጅ እርፍ ጨብጦ ምን ሊሆን ነው እያለ ሳቀባቸው። እነሱ ግን የሚስቁበት አንጀት አልነበራቸውም። በቆሎው ካልያዘ የሚመለሱበት ሥራ የለም፤ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸውም በየዘመዱ ቤት ተበትነው ሊያድጉ ነው። ትርንጎ ይህን ስለምታውቅ፣ ዘሩ የተዘራ ዕለት ልጆቿን ማሳው ዳር አቁማ አሜን አስባለቻቸው።

ጌጡ ሲዘራ በሸማኔ ወግ ዘራ። ክፍተት ባየበት ሁሉ እፍኝ እየጨመረ ጠቀጠቀው። ዝናቡ በጊዜው መጣና ቡቃያው አፈር እስከማይታይ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ። ቤተሰቡ ፈነደቀ። ጌጡማ ማለዳ ማለዳ እየወጣ እንደ አዲስ ጋቢ በመዳፉ ይዳብሰው ነበር።

ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ ጎረቤታቸው ጋሽ ደረብ በሬያቸውን እየነዱ መጡ። ማሳውን ዞር ዞር ብለው አዩና ሽልሻሎው ደርሷል አሉ። ጌጡ ሽልሻሎ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ቡቃያው መሀል በሬ አስገብቶ መልሶ ማረስ ነው፤ ማረሻው የነቀለውን ይነቅላል፣ የተረፈው ቦታ አግኝቶ ያድጋል ብለው አስረዱት። ጌጡ ሰውየው የሚያሾፉበት መሰለው።

«ጋሽ ደረብ፣ ለምነን ያገኘነውን በበሬ ላስረግጥ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰሙም?»

«እሱማ ድር ሲያብር ነው። በቆሎ ሲያብር ግን አብሮ ይራባል። አትሳሳለት ጌጡ፣ አሳሳው።»

ከበሬህ ጋር አቀናጅተህ ጥመድ ብለው በሬያቸውን ትተውለት ሄዱ።

ጌጡ እንቢ አለ። እግዚአብሔር የሰጠውን መንቀል ክህደት ነው ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ለሸማኔ አንዲት ክር ስትበጠስ እንኳ ያመዋል። ትርንጎ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። እሷም ብትሆን ፈርታለች።

«እኛ የለመንነው ቡቃያ ነው ወይስ እሸት?» አለችው። «ዘሩን አፈር ስታለብሰው የማታየውን አምነህ ነበር። አሁን ማመን ያቃተህ ስላየኸው ነው።»

ጌጡ ተነስቶ በሬዎቹን ጠመደ። ትርንጎ ቡቃያውን እንዳይበሉ አፋቸውን አስራ ከፊት ከፊት መራች። እሱ እርፉን ጨብጦ ቀና ሲል የሚስቱ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች ነበር። ያመነ ሰው የሚያለቅስ አይመስለውም ነበርና ደነገጠ። ትርንጎ ግን እያለቀሰች መምራቷን አልተወችም፤ እሱም እርፉን አልለቀቀም።

ደጃፋቸው አጠገብ ሲደርሱ ግን አንጀቱ አልቻለም። ይቺን ቁራጭ እንኳ ለዓይኔ ተይልኝ ብሎ ለመናት። ተወችለት።

ሲጨርሱ ማሳው በሬ የፈነጨበት መሰለ። መንገደኛ እያየ ከንፈሩን መጠጠ። የተረፈው ቡቃያ ጠውልጎ ሰነበተ፤ ልጆቹ ወደዚያ ማየት ፈሩ። ለምለም የነበረችው የደጃፉ ቁራጭ ብቻ ናት፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ እሷን ያደንቃል።

ክረምቱ ገፋ። የታረሰው ማሳ ቀስ እያለ ቀና አለ፤ አገዳው ወፈረ፣ እሸትም ተሸከመ። የደጃፉ በቆሎ ግን እርስ በርሱ ሲሻማ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቢጫ ሆኖ፣ አንዲት ፍሬ ሳይይዝ ቀረ። ልጆቹም የትም አልተበተኑም፤ እሳት ዳር ተቀምጠው እሸት ጠበሱ። ጌጡ ጋሽ ደረብን ጠርቶ አበላቸው። ሽማግሌው እየበሉ የደጃፉን ቁራጭ አየት አደረጉ። ጌጡ ራሱ ሳቀ።

«እሷ እንኳ ጋቢ ናት ጋሽ ደረብ፤ አትበላም።»

ወዳጆቼ፣ እምነት ሲባል ለብዙዎቻችን የተሰጠንን ጨብጦ መያዝ ይመስለናል። አይደለም። ዘሩን ለመሬት የሰጠ እጅ ቡቃያውንም ለማረሻ መስጠት አለበት፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ እንባም አለበት። ቢያለቅሱም እምነት ነው። እስቲ እናንተም ደጃፋችሁን ተመልከቱ፤ ሳስታችሁለት ያላሳሳችሁት ምን አለ?