የገረመው ጥሪ

እስቲ ስሙኝ፤ ነገሩ የተያያዘ ነውና አንዱንም እንዳትዘሉብኝ።

ገረመው የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ ብርቄ አምቡላንስ ስትጠብቅ በምጥ ሞተችበት። ወንድሞቿ «ዘግይተህ ደውለህ ነው የገደልካት» አሉት። ከቀብሩ በኋላ አምቡላንስ ወደሚያሰማራው ድርጅት ሄደና ናርዶስ ከምትባል ፕሮግራመር ፊት ቆመ።

«እህቴ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ጥሪዬ በሰዓቱ ደርሶ ነበር ወይ? ይህን ብቻ ንገሪኝ።»

ናርዶስ ልታጣራለት ተስማማች። ጥሪ የሚያስተናግደው ሲስተም እርስ በርስ የሚጠባበቁ ትንንሽ ፕሮግራሞች ስብስብ ነው። ሌሎች በሽተኞች እየደወሉበት ስለሆነ አይነካም። ስለዚህ እያንዳንዱን ፕሮግራም ለብቻው በሚሠራበት ሳጥን፣ ኮንቴይነር በሚሉት፣ አድርጋ በራሷ ላፕቶፕ ላይ ልታስነሳ፣ የዚያን ቀንም ጥሪ ልታይ ተቀመጠች። ጥሪ ተቀባዩን ፕሮግራም አስነሳችው። ተነሳና ወዲያው ወደቀ፤ ጥሪዎችን በተራ ከሚያሰልፈው ከወረፋ ያዡ ውጭ አልነሳም አለ።

ወረፋ ያዡን ሞከረች፤ መረጃው ሁሉ ከሚቀመጥበት ከዳታቤዙ ውጭ አልነሳም አለ። ጥሪ ተቀባዩ ያለ ወረፋ ያዡ አልነሳም አለ፤ ወረፋ ያዡ ያለ ዳታቤዙ አልነሳም አለ፤ ገረመውም በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ወደ ዳታቤዙ ሄደች። የዚያን ቀን መረጃ ቅጂ ተቆልፏል፤ ያለ ይለፍ ቃል አልከፈትም አለ። ይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ኢዮስያስ ብቻ ነው። ሲስተሙን የሠራው እሱ ነበር፤ ብርቄ በሞተች ማግስት «ጥፋቱ ያንተ ነው» ተብሎ ተባረረ። ደወለችለት።

«ሥራ አስኪያጁ ‹ጥፋተኛ አይደለህም› ይበሉኝና እሰጥሻለሁ» ብሎ ዘጋባት።

ጥሪ ተቀባዩ ያለ ወረፋ ያዡ አልነሳም አለ፤ ወረፋ ያዡ ያለ ዳታቤዙ አልነሳም አለ፤ ዳታቤዙ ያለ ይለፍ ቃል አልከፈትም አለ፤ ኢዮስያስ ያለ ሥራ አስኪያጁ ቃል አልሰጥም አለ፤ ገረመውም ይጠብቃል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ምንዳዬ ዘንድ ገባች።

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳላውቅ ምንም አልናገርም» አሏት።

«በምን ይታወቃል ታዲያ?»

«ጥሪ ተቀባዩን አስነሺውና እዪዋ!»

ናርዶስ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ጥፋቱ ካልታወቀ አቶ ምንዳዬ አይናገሩም፤ እሳቸው ካልተናገሩ ኢዮስያስ አይሰጥም፤ እሱ ካልሰጠ ዳታቤዙ አይከፈትም፤ ዳታቤዙ ካልተከፈተ ወረፋ ያዡ አይነሳም፤ ወረፋ ያዡ ካልተነሳ ጥሪ ተቀባዩ አይነሳም፤ ጥሪ ተቀባዩ ካልተነሳ ጥፋቱ አይታወቅም። ዞራ ዞራ እዚያው። ላፕቶፗን አነሳች፤ ገረመውንም «ይነሱ ጋሼ» አለችና ኢዮስያስ ቤት ወሰደችው።

ኢዮስያስ በሩን ከፍቶ የገረመውን ጥቁር ልብስ ሲያይ ወደ ኋላ አለ።

«ወንድሜ፣ ልጣላህ አልመጣሁም» አለው ገረመው። «ጥሪዬ መድረሱን ብቻ ልወቅ።»

ኢዮስያስ አንገቱን ደፋ። «የሥራ አስኪያጁ ነገር ሰበብ ነው ጋሼ። ሲከፈት ጥፋተኛው እኔ ሆኜ እንዳልገኝ ፈርቼ ነው።»

«እኔም እኮ እኔው ሆኜ እንዳልገኝ እየፈራሁ ነው የመጣሁት።»

ኢዮስያስ ወደ ቤት አስገባቸው። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። ይለፍ ቃሉ ሲገባ ዳታቤዙ ተከፈተ፤ ዳታቤዙ ሲከፈት ወረፋ ያዡ ተነሳ፤ ወረፋ ያዡ ሲነሳ ጥሪ ተቀባዩ ተነሳ፤ ጥሪ ተቀባዩ ሲነሳ የገረመው ጥሪ ወጣ።

ምጡ እንደጀመራት ደውሏል። አምቡላንሱ ሲቀርበት ደጋግሞ ደውሏል። ሲስተሙ ግን በደወለ ቁጥር የፊተኛውን ጥሪ እየሰረዘ ወደ ወረፋው መጨረሻ መልሶታል። ናርዶስ ኢዮስያስን አየችው። ይህን የሚያዝዘውን የፕሮግራም መስመር የጻፈው እሱ ነው።

«ደርሷል?» አለ ገረመው።

«ደርሷል ጋሼ። በሰዓቱ ደውለዋል።»

«ታዲያ ለምን አልመጡም?»

«የኔ ስህተት ነው» አለ ኢዮስያስ። «ወረፋዎን ወደ ኋላ የመለሰው የኔ ሥራ ነው።»

ደጋግሞ ባይደውል ኖሮ ብርቄ ትተርፍ እንደነበር ግን ሁለቱም አልነገሩትም።

ገረመው አልተሳደበም፤ ይቅርም አላለውም። ለብርቄ ታላቅ ወንድም ደወለና ስልኩን ለናርዶስ ሰጣት። «አንቺ ንገሪው። እኔን አያምነኝም።»

ኢዮስያስ ያን መስመር ሊያርም ላፕቶፑ ላይ አጎነበሰ። ናርዶስም ማንነቷን ነግራ «ጋሽ ገረመው በሰዓቱ ደውለው ነበር» አለች። ከወዲያ በኩል አንድ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ተሰማ።