አዲስ ዶሮ ታስራ ትሰንብት

አንድ መክብብ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ በአንድ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። የላቦራቶሪ ውጤት ሁሉ የሚቀመጥበትን ሰርቨር የሚጠብቁት እሱና አለቃው እትዬ ስንቅነሽ ናቸው። መክብብ በየጠዋቱ በሠላሳ ኮምፒውተሮች ላይ ያንኑ ሥራ በእጁ መደጋገም ሰለቸው። ስለዚህ ይህን ሁሉ በራሱ የሚሠራ ሶፍትዌር አገኘና ሰርቨሩ ላይ ሊጭነው ተነሣ።

«መጀመሪያ እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ለብቻው የተከለለ ክፍል አዘጋጅለት» አሉት እትዬ ስንቅነሽ። «የሚያስፈልገውን ይዞ እዚያው ይቀመጥ። አዲስ ዶሮ ስትገዛ፣ ከነባሮቹ እስክትለማመድ አስረህ አይደል የምታሰነብታት?»

መክብብ ሳቀ። «እትዬ ደግሞ! ይሄ ዶሮ አይደለም እኮ። ለአምስት ደቂቃ ሥራ ይህን ያህል ማካበድ ምን ያደርጋል?»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እሳቸው ለስብሰባ ሲወጡ ሶፍትዌሩን በቀጥታ ጫነው። አዲሱ እንግዳ አንድ የቆየ ፋይል አልስማማ ስላለው በሌላ ተካው። የላቦራቶሪው ፕሮግራም ደግሞ ያለዚያ ፋይል አይሠራም፤ ወዲያው ቆመ።

በዚያው ሰዓት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ደም የሚፈሳት እናት ነበረች። ጠዋት የተመረመረው የደም ዓይነቷ ቢፈለግ ኮምፒውተሩ አልከፍት አለ። እንደገና ናሙና ተወስዶ እስኪመረመር ድረስ ባሏ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ ቆየ። እናቲቱ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። የሆነውን ሰምቶ ወደዚያ የሄደው መክብብ ግን የሰውየውን ዓይን ማየት አቃተው።

ፋይሉ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ እትዬ ስንቅነሽ አልተቆጡትም። «በል አሁን ክፍሉን ሥራለት» አሉት ብቻ።

ሠራለት። ሶፍትዌሩንም እዚያ ውስጥ ጫነው። ግን የማይስማማ ነገር አብሮ ጭኖ ኖሮ ሶፍትዌሩ ገና ሲነሣ ተበላሸ። መክብብ የላቦራቶሪው ፕሮግራም እንደገና ቆሞ ይሆናል ብሎ ወደዚያ ሮጠ። ባለሙያዋ ተረጋግታ ውጤት እያተመች ነበር።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አለችው።

«ምንም» አለና ተመለሰ። ሰርቨሩ ውስጥ የተበላሸውን ክፍል ብቻ አጥፍቶ ሌላ ሠራ፤ በዚህኛው ተሳካለት።

ወዳጆቼ፣ የመክብብ ሁለተኛ ስህተት ከመጀመሪያው አያንስም ነበር። በሁለተኛው ግን ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። አስተዋይ ማለት የማይሳሳት አይደለም፤ ሲሳሳት ሌላው እንዳይጎዳ አስቀድሞ የሚያጥር ነው። እናንተስ አዲሱን ነገር የምትሞክሩት በማን ላይ ነው?