ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ገመድ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ዕቃቸውን በአንድ ግምጃ ቤት ያስቀምጡ በነበረበት ዘመን፣ ንጉሥ አንበሳ «የጎረቤት ጫካ በኮምፒውተር መሥራት ጀመረ» የሚል ወሬ ሰማና ቅናት እንቅልፍ ነሳው። «እኛስ ከማን እናንሳለን!» ብሎ ቀበሮን አስጠራ። ቀበሮ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ዋጋውን ብቻ ነበር፤ ለሹመት ግን ይህም በቂ ሆኖ ተገኘ።

ያን ጊዜ ከግምጃ ቤቱ አንድ ሚስማር ለማውጣት እንኳ የግምጃ ቤቱ ሹም ጅብ መዳፉን እንደ ማህተም ወረቀት ላይ ማሳረፍ ነበረበት። መዳፉ ደግሞ አጥንት ሳይሸተው አይነሳም። ስለዚህ ቀበሮ ወደ ጅብ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ሲስተሙን እንዴት ላድርገው?»

«ማንኛውም ጥያቄ መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጣ፤ መጨረሻም እኔ ጋ።»

«መሀሉ ላይስ?»

ጅብ ብዙ አሰበ። «መሀሉም ላይ እኔ።»

«ማህተሙስ ይቅር? ኮምፒውተር እኮ ማህተም አይፈልግም።»

የጅብ ጸጉር ቆመ። «ምን አልክ? በወረቀት አውጡት፤ መዳፌን ላሳርፍበት፤ ከዚያ ፎቶ አንስታችሁ መልሳችሁ አስገቡት!»

«ይኼ ነው ዘመናዊነት!» አለ ቀበሮ ጎንበስ ብሎ።

በምረቃው ዕለት አህያም ከሰው እኩል አጨበጨበች፤ በሰኮና ማጨብጨብ ቀላል መስሏችሁ እንዳይሆን። በማግስቱ የምትጫንበት የራሷ ገመድ ሳይቀር ተመዝግቦ ግምጃ ቤት ገባ።

አንድ ማለዳ ውርንጭላዋ ዝናብ ያራሰው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ውሃው ጉልበቱን አልፎ ይወጣ ነበር። አህያ እየጋለበች ግምጃ ቤት ደረሰች።

«እንኮዬ ጦጢት፣ ልጄ ጉድጓድ ገባብኝ! ገመዴን ስጪኝ!»

ግምጃ ቤት ጠባቂዋ ጦጢት ቀና አለች። ገመዱ ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «እኔን አፈር ይብላኝ! ያንቺ መሆኑንማ አውቃለሁ። ግን ሲስተሙ ይዞታል።»

«ሲስተሙ እጅ አለው እንዴ? እጅ ያለሽ አንቺ!»

«እሱ ዱሮ ቀረ፣ እህቴ» አለችና ጥያቄውን አስገባች። ኮምፒውተሩም «ጥያቄዎ ለአያ ጅቦ ተልኳል። በትዕግሥት ይጠብቁ» ሲል መለሰ።

ጅብ ቢሮው ተቀምጦ አነበበ። ውርንጭላ። ጉድጓድ። ብቻውን። ምራቁን ዋጠና በጓሮ በር ሹልክ አለ። አህያ ግን በመስኮት አየችው፤ ተከትላው በረረች።

«ወዴት ነው፣ አያ ጅቦ?»

«የመስክ ማጣራት! አንቺ በሥራዬ አትግቢ!»

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደርሶ፣ ሽታው ጎትቶት አንገቱን ሲያሰግግ፣ ርጥቡ አፈር ከእግሩ ሥር ተናደ። በአፍጢሙ ተደፍቶ ጭንቅላቱ ጭቃው ውስጥ ተቀረቀረ። ውርንጭላው ጊዜ አላጠፋም፤ ዘሎ ጀርባው ላይ ወጣ። አህያም የልጇን ጋማ በጥርሷ ነክሳ ጎትታ አወጣችው። ጅብ ከተሾመ ወዲህ ጉዳይ በዕለቱ ሲፈጽም ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጭንቅላቱን እንዳላቀቀ፣ «ገመድ! ገመድ አምጡ!» እያለ ጫካውን አናወጠው።

አህያ ልጇን ላሰች። «መቼም ሕግ አክባሪ ነኝ» አለችና ሄዳ ጥያቄ አስገባች። ኮምፒውተሩም «ጥያቄዎ ለአያ ጅቦ ተልኳል። በትዕግሥት ይጠብቁ» አላት።

ወሬው ሲሰማ ቀበሮ የአህያን ጥያቄ በወረቀት አውጥቶ ይዞ አፋፉ ላይ ቆመ።

«ፈቅጃለሁ! ፈቅጃለሁ ብያለሁ!» ጮኸ ጅብ።

«በቃል አይሆንም ጌታዬ፣ መዳፍዎ ያስፈልጋል። ራስዎ ነዎት ያዘዙት።» ወረቀቱን ወረወረለት።

ጅብ ጭቃ የለበሰ መዳፉን ድምቅ አድርጎ አሳረፈበት። «ይኸው! በል ገመዱን!»

«መጀመሪያ ወረቀቱን ይስጡኝ እንጂ። ፎቶ ተነስቶ መግባት አለበት።»

«በምን ልስጥህ፣ አንተ ደንቆሮ?»

«በገመድ ነበር» አለ ቀበሮ አንገቱን እየነቀነቀ። «ገመዱ ግን የእርስዎን ፈቃድ እየጠበቀ ነው።»

ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀመረ። አህያ ልጇን አስቀድማ ወደ ቤቷ ስትሄድ በግምጃ ቤቱ በር አለፈች፤ ጦጢት ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፣ ገመዱም ከራሷ በላይ ተሰቅሏል።

ከዚህ የምንማረው ጠማማ አሠራርን ሳያቃኑ ኮምፒውተር ውስጥ የሚከቱ ሰዎች ጠማማነቱን እንደሚያፈጥኑት እንጂ እንደማያቃኑት፣ በየበሩ ራሱን የሚገትር ሹምም አንድ ቀን የሚዘጋበት የገዛ በሩ መሆኑን ነው።