የቀበሮዋ ዕፀ መሰውር

አንድ ጊዜ፣ ብልጠቷ በአገሩ ሁሉ የተወራላት አንዲት ቀበሮ ዕፀ መሰውር፣ ማለትም የጠጣውን ሁሉ ከዓይን የሚሰውር መድኃኒት፣ ለመሥራት ተነሣች። አንበሳ ያደነውን ብቻውን እየበላ ለሌላው አጥንት ስለሚተው፣ ሳይታዩ ከዋሻው ሥጋ የማውጣት ሐሳብ ነበራት። ቅጠል ቀጠፈች፣ ሥር ማሰች፣ ቀቀለች። መጀመሪያ ለፌንጣ አቀመሰችው፤ ፌንጣው ከፊቷ ጠፋ። ራሷ ልትጠጣው ስትል ግን ፈራች። እንዲህ ያለውን ነገር ሳይመረምር የሚጠጣ ማን እንደሆነ አሰበችና ወደ ጅብ ሄደች።

ከአንበሳ ዋሻ ሥጋ ካመጣ እኩል እንደሚካፈሉ ነገረችው። ጅብ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ጨው አለው ወይ አላት። ከዚያ ጭልጥ አደረገው። ጅራቱ ጠፋ፣ ወገቡ ጠፋ፣ በመጨረሻም አፉ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የበሬ ታፋ በአየር ላይ እየተንሳፈፈ ከዋሻው ወጣ። ቀበሮ ደስ ብሏት ጠበቀች። ታፋው ግን ዓይኗ እያየ አጥንት ሆነ፤ ቀጥሎ አጥንቱም ተቆረጣጠመ። ድርሻዋን ስትጠይቅ ከባዶው ሜዳ ድምፅ መጣ።

«እመት ቀበሮ፣ እኔ እኮ ገና አልጠገብኩም። አንቺ ደግሞ ከአንበሳው ዋሻ ይልቅ ትቀርቢኛለሽ።»

ቀበሮ ሮጣ ልጆቿ ወዳሉበት ጉድጓድ ገባች። ጉድጓዱ ሁለት በር አለው፤ ጅቡ በየትኛው እንደቆመ ግን ማየት አልቻለችም። በተሳሳተው ከወጡ ማለቃቸው ነው። ድምፅዋን አለስልሳ ጠየቀች።

«አያ ጅቦ፣ በምሥራቁ በር ነህ?»

«የለሁም» አለ ጅብ፣ ከምሥራቁ በር።

ልጆቿን ይዛ በምዕራቡ ሾልካ ወደ ገደሉ አመለጠች።

በማግስቱ አህያ አገኘቻትና ቤቷን ትታ ገደል ላይ ለምን እንደሰፈረች ጠየቀቻት። ቀበሮ አንዱንም ሳትደብቅ አወራቻት፤ ስታወራም በራሷ ሳቀች።

«ብልጥ ናት ሲሉኝ አምኜ ነበር» አለቻት። «ሌላው ከጅብ ይሸሸጋል፤ እኔ ብልጧ ጅቡን ራሱን ሸሸግሁት።»

አህያ ልትስቅ ፈልጋ ነበር። መጀመሪያ ግን ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ማንም አልነበረም፤ ይህም ይበልጥ አስፈራት።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሆዳም ጉልበት የሚሰጥ ሰው የመጀመሪያው ጉርሻ ራሱ እንደሚሆን ነው።