ጎተራ ቆጣሪው ጃርት

ጠጋ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም። ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ አርሰው በሚበሉበት ዘመን፣ ስሟን አያቴም ያልነገሩኝ አንዲት አገር ነበረች። በዚያች አገር አርባ ቤት ነበር። አርባ ሁለት ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ የሰማሁት አርባ ነውና በአርባ እንሂድ።

ድርቅ መጣና አገሪቱን አራቆታት። ዝናቡ ሲመለስ ንጉሡ አንበሳ ትልቁን ጎተራውን ከፍቶ፣ ለእያንዳንዱ ቤት በየክረምቱ መግቢያ ሁለት ሁለት ቁና ዘር እንዲታደል አዘዘ። ዘር አዳዩ ሹም ዝንጀሮ ነበር። ዘመዱ ብዙ፣ አፉ ጣፋጭ፣ እጁ ረጅም። ሦስት ክረምት እንዲህ አለፈ። አራተኛው ሲቃረብ ንጉሡ ነገሩን ቆረጠ፦ የየቤቱ ጎተራ ሞልቶ ከተገኘ ሕዝቡ ራሱን ችሏልና ዘሩ ከወንዝ ማዶ ላለው ለተራበው አገር ይሄዳል፤ ባዶ ከተገኘ ግን ዘሩ ይቀጥላል፣ ሹሙም ይጠየቃል።

ይህን የሚያጣራ ይቀጠር ተብሎ አዋጅ ተነገረ። ሦስት መጡ። ጅብ፣ እህሉን በሆዴ ለክቼ እነግራችኋለሁ አለ፤ አመስግነው ሸኙት። ቀበሮ፣ ኮረብታው ላይ ቁጭ ብዬ በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ አለ። ጃርት ለአርባው ቤት አርባ ቀን ጠየቀ።

ለምን ይህን ያህል ቀን እንደፈለገ ንጉሡ ጠየቀው።

«በየቤቱ እገባለሁ» አለ ጃርት። «በየጎተራው ክንዴን እስከ ብብቴ እከታለሁ። ያገኘሁትን ቁርበት ላይ እጭራለሁ። ከተጠራጠርኩ ደግሞ ተመልሼ አያለሁ። እኔ ደግሞ፣ ንጉሥ ሆይ፣ ብዙ ጊዜ እጠራጠራለሁ።»

ንጉሡ ጃርትን ቀጠረው። ዝንጀሮ አልተቃወመም፤ እንዲያውም አጨበጨበ። ወግ ብቻ አስታወሰ። እንግዳ መልእክት ሳይልክ ሰው ቤት አይገባም፤ ስለዚህ የማን ቤት ተራ መቼ እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር አለ። ጃርት ጨዋ ነውና ነገሩ ልክ መሰለው። አርባውን ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ዘርዝሮ ለዝንጀሮ ነገረው።

በማግስቱ ወደ ሚዳቋ ቤት ሄደ። ደጅ ቆሞ «ቤቶች» አለ። «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አሉት። እግሩን አጠቡት፤ ገንፎ አቀረቡለት። በልቶ ሲያበቃ ጎተራችሁ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። «ሞልቶ ተርፎናል» አሉት። ክንዱን እስከ ብብቱ ከተተ፤ ሞልቷል። ቁርበቱ ላይ አንድ ጭረት ጫረና ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ጥንቸል ቤት ሄደ። «ቤቶች» አለ። «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አሉት። እግሩን አጠቡት፤ ገንፎ አቀረቡለት። «ሞልቶ ተርፎናል» አሉት። ክንዱን እስከ ብብቱ ከተተ፤ ሞልቷል። አንድ ጭረት ጫረ።

በሦስተኛው ቀን ከርከሮ ቤት እንዲሁ ሆነ። እዚያ ግን ክንዱን ሲያወጣ ከትከሻው አንድ እሾህ ተነቅሎ እህሉ ውስጥ ቀረ። ቢፈልግ አጣው። በሰው ጎተራ እሾህ ጥሎ መሄድ አሳፈረው፤ ተናግሮ ባለቤቶቹን ከሚያስቸግር ዝም ማለቱን መረጠና ወጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ጨረሰ፤ ስምንት ጭረት ሆነ።

ዘጠነኛው ቤት የቆቅ ነበር። ባሏ በድርቁ ሞቶባት ስድስት ጫጩት ብቻዋን የምታሳድግ ናት። «ቤቶች» አለ። «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለችው። እግሩን አጠበችው፤ ገንፎ አቀረበችለት። በላ። «ሞልቶ ተርፎናል» አለችው። ክንዱን እስከ ብብቱ ከተተ። አንድ ነገር ወጋው።

ስቦ ቢያወጣው የጃርት እሾህ ነው።

አገላብጦ አየው። ምናልባት የሌላ ጃርት ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ግን በዚያ አገር ከእሱ ሌላ ጃርት አልነበረም። ምናልባት ሳላውቅ ሁለት ጥዬ ይሆናል ብሎም አሰበ። ጀርባውን ከግራ ወደ ቀኝ በእጁ ዳሰሰ። ባዶው ቦታ አንድ ብቻ ነው። እሾሁን እዚያ ላይ ቢያደርገው ልክ ገባ። ያኔ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ሁሉ ብድግ ብሎ ቆመ።

«እመት ቆቅ» አለ በቀስታ። «ይህን ከርከሮ ቤት ነው የጣልኩት። እዚህ ምን አመጣው?»

ቆቅ አንገቷን ደፋች። «አያ ጃርት፣ ይተዉት። ይጫሩና ይሂዱ።»

«አልችልም።»

«እንግዳ ባዶ ጎተራ አይቶ ይሂድ ነው የሚሉኝ?» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። እህሉ ያው አንድ ጭነት ነው። የዝንጀሮ ዘመዶች ማታ ማታ ተሸክመው፣ ጃርት በማግስቱ ከሚሄድበት ቤት ያደርሱታል፤ እሱ ሲወጣ መጥተው ይወስዱታል። የዘሩም ነገር እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ለየቤቱ አንዳንድ እፍኝ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ዝንጀሮ ደግሞ በየደጁ እየዞረ፣ ባዶ ጎተራ ያሳየ ቤት አገሩን ያዋርዳል፣ ንጉሡም ዘሩን በልታችኋል ብሎ ጭራሽ ያቋርጥባችኋል ብሏቸዋል።

«ይህ የበላሁት ገንፎስ?» አለ ጃርት።

«እሱም ከጭነቱ ጋር ነው የሚመጣው። የእንግዳ ብቻ ነው ተብለናል። ልጆቼ ከዓርብ ጀምሮ የሚበሉት ቅጠል ነው።»

ጃርት በልቡ ቆጠረ። ዘጠኝ ቤት ገብቷል፤ ዘጠኝ ጊዜ በልቷል። በየቤቱ ሕፃናት ማዕዘን ላይ ቆመው ሲያዩት፣ እሱ ጨዋነታቸውን ሲያደንቅ ነበር።

«እመት ቆቅ፣ የነገሩዎት ውሸት ነው» አለ። «ንጉሡ ያለው የተገላቢጦሹን ነው። ሞልቶ ተገኘ ብዬ ከተናገርኩ ዘሩ ወንዙን ይሻገራል። ዘንድሮ የምትዘሩት አይኖርም።»

ቆቅ ክንፏን ዘርግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ልጆቼን በገዛ አፌ ልገድላቸው ነበር» አለች።

ጃርት አሥረኛውን ቤት ሳያይ የዚያኑ ቀን ወደ ንጉሡ ሸንጎ ተመለሰ። ዝንጀሮም እዚያው ነበር። ጃርት ቁርበቱን ዘረጋና፣ የገባሁት ዘጠኝ ቤት ነው፣ ያየሁት ግን አንድ ጎተራ ነው፤ ተራውን አስቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔም ነው አለ። የማንንም ስም አልጠራም። ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዘጠኝና አንድን የማይለይ ቆጣሪ አመጣችሁልን፣ ገንፎው በዝቶበት ነው፣ ቀበሮ ይጠራ አለ። ሸንጎውም አብሮ ሳቀ።

ጃርት ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ንጉሥ ሆይ፣ ተሳስቼ ከሆነ ደመወዜ ይቅር» አለ። «ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ አርባው ጎተራ በአንድ ጊዜ ይታይ። ማንም አስቀድሞ አይላክበት፤ ማንም ገንፎ አይብላ።»

ዝንጀሮ ሳቁን አቋርጦ፣ ይህማ ወግ ማፍረስ ነው አለ። ብድግ ሊል ሲል ንጉሡ ጅራቱን ረገጠና እስከ ንጋት አጠገቡ አስቀመጠው።

ጎህ ሲቀድ፣ ጎተራውን እንዲያዩ ንጉሡ ያዘዛቸው ጉንዳኖች በየደጁ ተሰለፉ። ንጉሡ ራሱ መንገድ ላይ ካገኘው ቤት ገባ፤ የቆቅ ቤት ነበር። ክንዱን ጎተራው ውስጥ እስከ ብብቱ ከተተ። እህል የለም። ወደ ታች ወደ ታች ሄደና ታች ላይ ለስላሳ፣ ሙቅ ነገር ነካ። ቀስ ብሎ አወጣው። መዳፉ ላይ አንድ ጫጩት፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ተኝቷል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አንበሳ።

«ልጄ ነው» አለች ቆቅ። «ሌሎቹም እዚያው ናቸው። ባዶ ነውና ያድሩበታል።»

ያ ሲያገሳ ተራራ የሚያንቀጠቅጠው ንጉሥ ጫጩቱን እንደያዘ ደጅ ወጥቶ ቆመ። ጉንዳኖቹ እየተከታተሉ መጡ። የሚዳቋ ቤት? ባዶ። የጥንቸል ቤት? ባዶ። የከርከሮ ቤት? ባዶ። ከአርባው ሞልቶ የተገኘው አሥረኛው ቤት ብቻ ነበር፤ የጃርት ቀጣይ ተራ እሱ ነበርና።

የዝንጀሮ ዋሻ ተከፈተ። የሦስት ክረምት ዘር እንደተከመረ ተገኘ። ግማሹን ነቀዝ ፈጭቶታል፤ ከቀረው አብዛኛው በርጥበት በስብሷል። ዝንጀሮ እንኳ አልበላውም። ልጆች፣ ይህን ስሰማ ከሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ለምን እንዲህ አደረግህ ሲሉት፣ ያለው ሰው ይከበራል ብዬ ነው አለ።

ንጉሡ ለዘር የሚሆነውን አስለቅሞ፣ የጎደለውን ከራሱ ጎተራ ሞልቶ፣ በዚያው ቀን በገዛ እጁ አደለ። ስድስቱ ጫጩቶች ክረምቱን ተሻገሩ። ዝንጀሮ ወደ ገደል ተባረረ፤ እስከ ዛሬም ማሳ አጠገብ ሲታይ ገበሬ ሁሉ በወንጭፍ ይቀበለዋል። ጃርትም ከዚያ ወዲህ ማሳ ሲገባ ለማንም ልኮ አያውቅም። ድንቻችሁን ቆፍሮ ብታገኙት ቁጣችሁን ቀነስ አድርጉ፤ እያጣራ ሊሆን ይችላል።

እኔ የተሰፈረልኝን ሰፈርኩላችሁ፤ እናንተም ሳታጎድሉ ለሌላው ስፈሩ። አበውም ያሉት ይህንኑ ነው፦

ቀን ቆርጦ የመጣ እንግዳ፣ አያይም የቤቱን ጓዳ።