ባለ አንድ በሬዎች

«አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ነበረ» አሉ መምህር ይፍሩ፣ ጥያቄዋን ከሰሙ በኋላ።

የጠየቀቻቸው ረድኤት ነበረች። ድሮ ተማሪያቸው ነበረች፤ አሁን በውጭ ጉዳይ ተቀጥራ የጎረቤት አገሮች ወደሚመክሩበት ጉባኤ ልትሄድ ተነሥታለች። «ሁለቱ ኃያላን እየተሻኮቱ እያንዳንዳቸው ‘ከእኔ ጋር ቁሙ’ ይሉናል» ነበር ያለቻቸው። «አቅማችን ትንሽ ነው። የትኛውን ብንይዝ ይሻለናል?»

እሳቸውም ይህን ነገሯት።

ገበሬው ሰነፍ አልነበረም። መሬትም ነበረው። ግን አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። በዚያ አገር ከላይ አንድ ባለጠጋ፣ ከታችም አንድ ባለጠጋ ነበሩ፤ የሁለቱም በረት በበሬ የተጨናነቀ ነው። በመካከል ያሉት ሰዎች አብዛኞቹ እንደ ገበሬው ባለ አንድ በሬ ናቸው። ሁለት ሆነው በሬያቸውን አቀናጅተው ማረስ ይችሉ ነበር፤ አባቶቻቸውም እንዲያ ነበር የሚያርሱት። እነሱ ግን እርስ በርሳቸው ተቀያይመዋል። አንዱ በወሰን፣ አንዱ በውሃ፣ አንዱ ደግሞ ራሱም በማያስታውሰው ነገር። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው ከአንዱ ባለጠጋ ሁለተኛ በሬ ይዋሳል፤ በምላሹም ለባለጠጋው ጉልበቱን ይሰጣል። ገበሬው የሚዋሰው ከላይኛው ነበር። አጥር ለአጥር የሚዋሰነው ጎረቤቱ ደግሞ ከታችኛው ነበር የሚዋሰው። ሁለቱ በወሰን ቦይ ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል።

አንድ ክረምት ሁለቱ ባለጠጎች በመስኩ ተጣሉ። መስኩ ከመካከል ያለ ሰፊ ግጦሽ ነው፤ የሁሉም ከብት ሲውልበት የኖረ ነው። ላይኛው «የአባቴ ነው» አለ። ታችኛውም «የአያቴ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላይኛው የታችኛውን ሰዎች ከወፍጮ ከለከለ፤ ታችኛውም የላይኛውን ሰዎች የገበያ መንገድ ዘጋባቸው። ጉዳዩ ሽማግሌዎች ፊት ሊቀርብ በተቃረበ ጊዜ ላይኛው ባለጠጋ ገበሬውን አስጠራው።

«ትመሰክርልኛለህ» አለው። «መስኩ ላይ ከአባቴ ከብት በቀር ሲግጥ አላየሁም ትላለህ።»

«ጌታዬ፣ የእኔ አባት ላሞችም እኮ እዚያው ነበር የሚውሉት።»

«እሱን ተወው። ማሳህ ላይ ያለው በሬ የማን ነው?»

ገበሬው እጅ ነሥቶ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«ከመሰከርክለት ላማችን የት ትውላለች?» አለችው።

«ካልመሰከርኩለት በምን አርሳለሁ?»

«ወደ ታችኛው ብትሄድስ?»

«እሱም የሚጠይቀኝ ይኸንኑ ነው። ስሙን ብቻ ነው የሚለውጠው።»

ቀና ብላ አየችው። «እንግዲያ የቀረህ ያ የማታናግረው ሰው ነው» አለችው።

ገበሬው ተቆጣ። ያንን ሰው ከማናግር መሬቴ ጦም ይደር አለ። ሲነጋ ግን ዝናቡ መሬቱን አለስልሶት ነበር፤ ለእርሻ ከዚያ የተሻለ ቀን አይገኝም። ገበሬው በዚያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በሬ ሲጠምድ፣ የላይኛውን ባለጠጋ በሬ ፈትቶ እየነዳ ወደ ጌታው ደጅ ወሰደው። መንገድ ላይ ያዩት ሁሉ አበደ አሉት።

«ምነው፣ ታመመ?» አለ ባለጠጋው።

«ደህና ነው። በሬህን መልሼልሃለሁ።»

«ታችኛው ስንት በሬ ሰጠህ?»

«ምንም አልሰጠኝም። እሱ ዘንድም አልሄድም።»

ባለጠጋው ሳቀ። «እንግዲያ በጥፍርህ ታርሳለህ!»

«ያባቴን መስክ በአፌ ከምሰጥህ በጥፍሬ ባርስ ይሻለኛል» አለና ተመለሰ።  እስከዚያ ቀን ባለጠጋ ፊት ቀና ብሎ ተናግሮ አያውቅም።

ከዚያ ቤቱ ሳይገባ ቦዩን ተሻግሮ ጎረቤቱ ማሳ ውስጥ ገባ። ጎረቤቱ ጅራፉን አጥብቆ ያዘ።

«የቦዩን ነገር ልታነሣ መጣህ?»

«ቦዩ እዚያው ይቆየን» አለ ገበሬው። «አልታረቅንም፤ ታርቀናል አልልህም። ግን ታችኛው አንተንም አስጠርቶሃል አይደል?»

ጎረቤቱ ጅራፉን ዝቅ አደረገ። ከማረሻው ላይ ጭቃ በእንጨት ሲፍቅ ቆየ። በመጨረሻ «ትናንት» አለ። «‘እሺ’ ብዬው መጣሁ። እህል አልበላ አለኝ ከዚያ ወዲህ።»

 ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን በሬ ከቀንበር ፈታው።

ታዲያ ነገሩ በዚያው ቀና እንዳይመስልሽ። የገበሬው በሬ ረጅም፣ የጎረቤቱ አጭር ነው፤ ቀንበሩ ተንጋደደ። ሁለቱም በሬዎች በቀኝ በኩል መጠመድ የለመዱ ናቸው። የግራው እየዞረ ቀኙን ይወጋል፤ ቀኙም ሞፈሩን ይረግጣል። ትልሙ እንደ እባብ ተጣመመ። ከላይም ከታችም ያሉ ሰዎች አጥር ላይ ቆመው ሳቁባቸው። ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው እየተሰዳደቡ ነበር የሚያርሱት።

ላይኛው ባለጠጋ ይህን ሰምቶ ለገበሬው መልእክተኛ ላከለት። «ያንን ሰው ተወውና በሬው ላንተ ይሁን። ውሰት አይደለም፤ የራስህ ነው» አለው መልእክተኛው፣ ጎረቤቱ እየሰማ።

ገበሬው ያልታረሰ ማሳውን አየ። ዝናቡ ሊያልፍ ነው። በሬው ደግሞ ጥሩ በሬ ነው፤ ያውቀዋል፤ በስሙ ሲጠራው ይመጣል። ጎረቤቱ ፊቱን አዞረ፤ ምን እንደሚመልስ የሚያውቅ መስሎት ነበር።

«ጌታህን እንዲህ በልልኝ» አለ ገበሬው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አጥሩ ላይ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙ። «ኪራይ ከሆነ እንከራያለን፤ ከእሱም ከታችኛውም፣ ለሁላችንም በአንድ ዋጋ፣ ያለ ምስክርነት። ለእኔ ብቻ፣ በስውር የሚሰጠኝ በሬ ግን አልፈልግም። ጠላት አይደለሁም። የማንም ጭፍራም አይደለሁም!»

ሲስቁ ከነበሩት መካከል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሄደች፤ ተመልሳም ስትመጣ በሬዋን እየሳበች ነበር። «የእኔ ግራ የለመደ ነው» አለች። ከዚያ ሌሎችም ተከተሉ፤ ሁሉም አይደሉም፤ የፈሩ ነበሩ።

ያ ዓመት መልካም ዓመት ነበር አልልሽም። ዘግይተው ስለዘሩ አዝመራው ቀጭን ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ግን ላይኛው ምስክሮቹን ጠራ፤ የሚነሣ ጠፋ። ታችኛውም ጠራ፤ የሚነሣ ጠፋ። ከዚያ ባለ አንድ በሬዎቹ በአንድነት ተነሡ። ገበሬው ተናገረ፦ «መስኩ የማን እንደሆነ ጠይቃችኋል። የሁላችን ነው። የእነሱም ከብት ይብላበት፤ የእኛም ይብላበት።» ሽማግሌዎቹም እንደዚያው ፈረዱ። ላይኛው ወፍጮውን ከፈተ፤ እህል የሚያስፈጭበት ሰው አጥቶ ነበርና። ታችኛውም መንገዱን ለቀቀ።

ገበሬውና ጎረቤቱ በቦዩ ጉዳይ አሁንም ይጨቃጨቃሉ። ጠዋት ግን አብረው ይጠምዳሉ።

መምህር ይፍሩ ይህን ተናግረው ወደ ረድኤት ዞሩ።

«አንቺ የማንን በሬ እንውሰድ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ፣ ልጄ። በሬ አበዳሪዎቹ እነዚያ ሁለቱ ኃያላን ናቸው፤ መስኩም አካባቢያችን ነው፣ ባሕሩ፣ ወንዙ፣ መንገዱ። ባለ አንድ በሬዎቹ እኛና ጎረቤቶቻችን ነን። ጉባኤው ላይ የምታገኚያቸው ሰዎች ከእኛ ጋር ጠብ አለባቸው፤ እኛም አለብን። ጠቡ እስኪያልቅ ከጠበቅን መስኩን ሌላ ሰው ይከፋፈለዋል። ስትጀምሩ ትልማችሁ ይጣመማል፤ ይሳቅባችኋል፤ ጥቂት ትራቡም ይሆናል። እሱን ቻሉት። ከሁለቱም ጋር ነግዱ፣ ለሁለቱም ሰላምታ ስጡ፤ ምስክርነታችሁን ግን ለማንም አትሽጡ።»

ረድኤት ልትሰናበታቸው ተነሣች። እሳቸው ግን እጇን እንደያዙ አልለቀቁትም።

«ነገ ከሁለቱ አንዱ ለብቻሽ ያስጠራሽ ይሆናል፤ ጥሩ በሬም ያሳይሽ ይሆናል» አሏት። «በጠራሽ ጊዜ ጎረቤቶችሽን ይዘሽ ሂጂ።»