የውሰት በግ ሞራ

በአንድ ወቅት፣ ከትልቅ ወንዝ ዳር ባለች መንደር፣ አንሻ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ የቀረቻት አንዲት ልጇ ሉባባ ብቻ ናት። ሉባባ በሰባት ዓመቷ ታመመች። ትኩሳቱ አልለቅ፣ እህሉም አልወርድ አላት። ጤና ጣቢያ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ክረምት ነውና ሞልቷል። አዝላት ትሻገር ወይስ እቤት ታስታማት? አንሻ መወሰን አቃታት።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ ጭንቅ ሲመጣ በግ ታርዶ ሞራው ይታያል። ሞራ ገላጩ የበጉን ሆድ ዕቃ የሚሸፍነውን ስስ ስብ ወደ ብርሃን ዘርግቶ በላዩ ያሉትን ደም ሥሮች ያነባል። ደንቡ አንድ ነው፤ ሞራ የሚናገረው በጉን ስላሳደገው ቤት እንጂ ስለ ሌላ ቤት አይደለም። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ የገዛ በጉን ይዞ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

አንሻ ግን በግ አልነበራትም። የባሏ ወንድም እንድሪስ ይህን ሲሰማ ከበጎቹ ሁሉ የሰባውን መርጦ ይዞላት መጣ።

«አብሽሪ አንሻ፤ የኔ በግ ያንቺም አይደል?» አላት። ደግ ሰው ነው፤ በዚህስ አይታማም። እስከ ሞራ ገላጩ ደጅ ድረስ በጉን የጎተተላትም እሱ ራሱ ነው።

ሞራ ገላጩ አባ ሙሄ ሥራውን ከአባታቸው ሲቀበሉ አንድ ነገር ተነግሯቸዋል፤ ያየኸውን ተናገር፣ ትርጉም ግን አትጨምር፣ ቤቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ አይጠይቁም። የመጣውን ሰው ፊት እንኳ ቀና ብለው አያዩም። ሞራውን በጠዋት ፀሐይ ላይ ዘርግተው ደም ሥሮቹን አንድ በአንድ ተከተሉ።

«ወንዝ ይታየኛል» አሉ በመጨረሻ። «የሚሻገር ልጅም ይታየኛል። መመለሻው ግን አይታየኝም።»

«የኔ ልጅ ናት አባቴ?»

«እኔ ያየሁትን ነገርኩሽ። የማን እንደሆነ ማወቅ ያንቺ ፋንታ ነው።» ይህን ብለው እጃቸውን ታጠቡ።

እንድሪስ አጠገባቸው ቆሟል። ደንቡ ትዝ አለውና ደነገጠ። ግን የታመመ ልጅ ያለው በሷ ቤት ነው፤ የሱ ልጅ አህመድ ጤነኛ ጎረምሳ፣ ያውም በዋና ማንም የማይቀድመው። «የሷ ነው» ብሎ ለራሱ ደመደመ። እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አለው።

አንሻም ደንቡን አልረሳችውም። «በጉ እኮ የእንድሪስ ነው» ማለት ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዲያ ብትል ሌላ በግ ከየት ታመጣለች? በዚያ ላይ ክፉውን ወሬ ደግ ወደሠራላት ሰው ቤት መመለስ ነውር መሰላት። ስለዚህ ለራሷ ወሰደችው። ልጇን ይዛ አልሄደችም።

በዚያው ሳምንት የጎረቤቷ ልጅ፣ በዚያው በሽታ፣ ታዝሎ ተሻገረና ድኖ መጣ። ያን ጊዜ ግን ሉባባ ደክማ መንገድ የምትችል አልነበረችም። በዘጠነኛው ቀን እናቷ እቅፍ ውስጥ ሞተች።

አህመድ የአጎቱን ልጅ የሉባባን መርዶ ለማዶ ዘመዶች ሊነግር ወንዙን ተሻገረ። ሲመለስ ውሃው ወሰደው። ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

ከለቅሶው በኋላ ሽማግሌዎች ሦስቱን አስቀመጧቸው።

«ያየሁት አንዱም አልተሳሳተም» አሉ አባ ሙሄ። «በጉ የውሰት ነው ያለኝ የለም።»

«እኔ በግ ሰጠሁ እንጂ ትርጉም አልሰጠሁም» አለ እንድሪስ እያለቀሰ። «የጠየቀችው እሷ፣ ያዩት እሳቸው። እኔ በምን አፌ የኔ ነው ልበል?»

አንሻ እንባዋ አልቆ ነበር። «ክፉውን ወሬ ለናንተ ብዬ ነው የወሰድኩት» አለችው እንድሪስን። «ለናንተ ብዬ ወስጄ ሁለቱንም ቀበርኳቸው። አንዱንማ ለመቅበርም አላገኘሁት።»

ሽማግሌዎቹም መፍረድ ቢያቅታቸው አንዱ፣ «እንግዲህ በግ ይታረድና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሞራ ይታይ» አሉ።

አንሻ ቀና አለች። «ማን ቤት ባደገ በግ?»



ይህን በነገርኩበት ቦታ ሁሉ ሰው ሳይጣላ ተለያይቶ አያውቅም። እኔም ቁርጡን አላውቀው፤ ባውቀውስ ልጆቹን አይመልስ። ግን እናንተ ፍረዱ፤ የዚያን ሞራ ትርጉም መፈለግ የማን ነበር? አይተው ዝም ያሉት የአባ ሙሄ፣ በጉን አሳድጎ ዝም ያለው የእንድሪስ፣ ወይስ ጠይቃ ዝም ያለችው የአንሻ?